ቅቤ የጠጣው ፎኖግራፍ

ድሬዳዋ ተወልጄ ድሬዳዋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ብርድ የምለው ታኅሣሥ ላይ አንሶላ የሚያስደርበኝን ነፋስ ነበር። ከዚህ መንገድ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ብርድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሰፈሬ የከዚራ ጎረቤቶቼም ቁጭ ብለው እንዲያውቁት ብዬ ይህን ጻፍኩ፤ አንዳቸውም ደባርቅ ድረስ ይሄዳሉ ብዬ አልጠብቅማ። እኔም ብሆን አንድ ዕቃ ባይጎትተኝ አልሄድም ነበር።

ሥራዬ ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ መጠገን ነው። ሱቄ ውስጥ ጡሩምባ ያላቸው አሮጌ ግራማፎኖች ደርድሬያለሁ። ሚስቴ "ልጆችህ" ትላቸዋለች፤ በደግ አይደለም። ዕድሜ ልኬን ስሙን እየሰማሁ አንድም ቀን ያላየሁት ግን በሸክላ ሳይሆን በሰም የሚሠራውን የጥንቱን ፎኖግራፍ ነው። የሻይ ብርጭቆ በሚያህል፣ ውስጡ ክፍት በሆነ ክብ ሰም ላይ ነው ድምፅ የሚጫወተው። ደግሞም ማጫወት ብቻ አይደለም፤ ጡሩምባው ውስጥ ከተናገሩበት ይቀዳል። ሸክላ የሩቅ ዘፋኝ ነው የሚያሰማህ፤ ይኸኛው የጎረቤትህን ሳል ሳይቀር ይዞ ያስቀምጥልሃል።

አንድ ክረምት ካሳሁን የሚባል የደባርቅ መምህር ለሥልጠና ድሬዳዋ መጥቶ ሱቄ ገባ። ግራማፎኖቼን አየና፣ "ጋሼ፣ በእኛ አገር አንዲት አሮጊት ቤት እንዲህ ጡሩምባ ያለው ነገር አለ። የሚበላው ግን ሸክላ አይደለም አሉ፤ ሰም ነው" አለኝ። በእጄ የያዝኩት ካቻቢቴ ወደቀ። ከዚያ በኋላ መምህሩን በደብዳቤ መድረሻ አሳጣሁት፤ እሱም በመጨረሻ "እሺ ይምጡ ብለዋል" ብሎ ጻፈልኝ። ያኔ ደርግ ነው፤ ያለ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይታሰብም። ከቀበሌዬ "ለሙዚቃ መሣሪያ ጥገና" የሚል የይለፍ ወረቀት አወጣሁ።

ወረቀቱ ጥገና ይበል እንጂ ሐሳቤ ሌላ ነበር። ዕቃውን ይዤው ልመለስ ነው የሄድኩት። አሮጊቷ ምን ያደርግላቸዋል? እያልኩ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በባቡር፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውቶቡስ፣ ራሴን ሳሳምን ነው የከረምኩት።

ሰኞ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣ አንድ የጨው ጭነት መኪና አገኘሁ። ድሬዳዋ ባቡር ሲዘገይ ቢያንስ የሚዘገይበትን ሰዓት ይነግሩሃል፤ እዚህ ግን ሾፌሩን "መቼ ነው የምንነሳው?" ብዬ ብጠይቀው "ስንነሳ" አለኝ። ተነሳን፤ ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበቴን ያዘኝ። በላዬ ላይ የነበረው የድሬዳዋ ሸሚዝ ነው። ሾፌሩ አየት አድርጎኝ "ልብስህን ረሳኸው?" አለኝ። ልብሴ እሱ መሆኑን ልነግረው አፈርኩ።

ዳባት ልንደርስ ስንል ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠባቂው ወረቀቴን አየ፤ ቀጥሎ የመሣሪያ ሳጥኔን ከፈተ። ፒንሳውን አየ፣ ካቻቢቴውን አየ፣ የትርፍ ጡሩምባዬን አፍ አሽትቶ መለሰ። በመጨረሻ አንዲት ክብ ቆርቆሮ አነሳ። ውስጧ ፎኖግራፉን እንዲያዞር ያዘጋጀሁት ትርፍ ሞላ በሽቦ ታስሮ ተጠቅልሏል።

"እባክህን እሷን ቀስ" አልኩት።

"ለምን ቀስ?" አለና እንዲያውም ፈጠን ብሎ ሽቦዋን ፈታት።

ሞላው ከቆርቆሮው ዘሎ ወጣ። የኬላውን ገመድ ተሻግሮ፣ እየተፍተለተለና እየጮኸ፣ መንገዱ መሀል ወርዶ ተጋደመ። ቀና ስል የቆመ ሰው የለም። ጠባቂው፣ ሾፌሩ፣ ጨው ላይ ተሳፍረው የነበሩት ሁለት ነጋዴዎች፣ ሁሉም መሬት ላይ በደረታቸው ተኝተዋል። እኔ ብቻ ቆሜ "ሞላ ነው፤ ሞላ ብቻ ነው" እላለሁ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቀልድ ሰው ያስቀብራል፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ከጎንደር ከወጣሁ የሞቀኝ ያኔ ብቻ ነው። ጠባቂው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ አቧራውን አራገፈ፤ ሞላውን በጠመንጃው አፈሙዝ ነካ ነካ አደረገው፤ ከዚያ ሳቅ ጣለው። ሻይ አስመጥቶ አጠጣን። ስንሰናበት፣ "ለአለቃዬ እንዳትነግርብኝ" ያለኝ እሱ ነው። ሞላው ግን ሁለት ቦታ ተጣምሞ ነበርና ከዚያ ወዲያ አልረባኝም።

ዳባት ያደርኩባት ቤት ባለቤት ወይዘሮ፣ እንግዳ ገባ ብለው ሽሮ በድንች አቀረቡልኝ። እኛ ዘንድ ሽሮ እንዲህ ቢወፍር ለግንብ ነው የምንፈልገው፤ እዚህ ግን ነፍስ የሚያቆየው እሱ መሆኑን በሦስተኛው ጉርሻ ገባኝ። ወይዘሮዋ ሸሚዜን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የራሳቸውን ቡልኮ አምጥተው ጣሉብኝ። ቡልኮው ሞቀኝ። ለካ ከነቁንጫው ኖሯል። እኔም ቁንጫውም ተመቸን።

ማክሰኞ

ቡልኮውን ልመልስላቸው ብል ወይዘሮዋ "ስትመለስ ትሰጠኛለህ፤ ካልተመለስክ ደግሞ ደባርቅ ትቀበርበታለህ" ብለው ሸኙኝ። ጠዋት በሌላ መኪና ደባርቅ ገባሁ።

ደባርቅ የከተማ መጨረሻ ትመስላለች። ከእሷ ወዲያ መንገዱ ሊማሊሞን ይዞ ገደል ለገደል ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያ የሚወጡት መኪኖች ሞተራቸው እንደ ታመመ ሰው እያቃሰተ ነው የሚደርሱት። ሰው ሁሉ ተሸፋፍኗል፤ ሰላምታ የሚሰጡህ ዓይኖች ብቻ ናቸው። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ይተኛል፤ እዚህ ከምሳ በኋላ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል።

መምህር ካሳሁን ተቀበለኝና ቀጥታ ወረቀቴን ለማስመታት ቀበሌ ወሰደኝ። እዚያ የነበረው ሹም ማኅተሙን አንስቶ አየር ላይ ያዘውና ጠየቀን፤ "ዕቃው የፊውዳል ነው የሰፊው ሕዝብ?"

ካሳሁን "የአሮጊት ነው" አለው።

ሹሙ ትንሽ አሰበ። ለአሮጊት መመሪያ አልመጣለት ኖሯል፤ ማኅተሙን መታው።

ያን ዕለት በካሳሁን ቤት አደርኩ። ቤቱ አንድ አልጋ ነው ያለው፤ ለእኔ ሰጠኝና እሱ የተማሪዎቹን ደብተር ተንተርሶ መሬት ላይ ተኛ። እራት ላይ የአሮጊቷን ታሪክ አጫወተኝ፤ የዚህ ሁሉ መንገድ ቁም ነገር እሱ ስለሆነ እዚሁ ልንገራችሁ።

ሴትዮዋ እሜቴ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ከጣሊያን በፊት፣ አበባ እየለቀመ ወረቀት ውስጥ የሚያደርቅ አንድ ፈረንጅ ከባላቸው ከግራዝማች ዋሴ ቤት ሰነበተ። ያኔ ባልና ሚስት ተኳርፈዋል። ግራዝማች እጅግ የሚወዷት በቅሎ ነበረቻቸው፤ የእሜቴ ወንድም ሠርግ ሄዶባት ጀርባዋ ተገሽልጦ ተመለሰች። ግራዝማች "አንቺ ነሽ ያዋስሽው" አሉ፤ እሜቴ "ሳይነግረኝ ነው የወሰደ" አሉ። ግራዝማች በሰው ፊት "ውሸታም" ብለው ተናገሯቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ግራዝማች እርቁን "እሺ" አሉ እንጂ "ይቅርታ" የምትለውን ቃል ማን ከአፋቸው ያውጣት! ፈረንጁ ሲሄድ ፎኖግራፉን ለአስተናጋጁ ስጦታ ትቶ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ግራዝማች እልፍኝ ተዘግተው ጡሩምባው ውስጥ ሲናገሩ ተሰሙ። ወጥተው ለሚስታቸው ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ "አፌ እምቢ አለኝ። ለዕቃው ነግሬዋለሁ፤ እሱ ይንገርሽ።"

ዕቃው ሳይነግራቸው ሞላው ተበጠሰ። ግራዝማችም በዓመቱ ቆላ ወርደው በንዳድ ሞቱ። እሜቴ ከአርባ ዓመት በላይ ያቺን ይቅርታ እየጠበቁ ናቸው።

"አንዴ ሰምተው ቢሞቱ ደስ ይላቸዋል" አለኝ ካሳሁን። እኔ ደግሞ አንዴ ከሰሙት ዕቃው ከዚያ በኋላ ሥራ የለውም ብዬ አሰብኩ። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ሰብሳቢ ሆኜ ነው።

ረቡዕ

ካሳሁን ለሁለታችን በቅሎ ተከራየና ወደ እሜቴ መንደር በቡይት ራስ አቅጣጫ ወጣን። በቅሎ ላይ ወጥቼ አላውቅም። የእኔዋ ይህን በአንድ እይታ ተረዳችና የገደሉን ጠርዝ መርጣ ሄደች። ከሜዳ መንገድ ይልቅ ጠርዙን ለምን እንደምትወድ ብጠይቅ፣ ካሳሁን "ጭነት እየተሸከመች ስለለመደች ነው፤ ጭነቷ ከገደሉ ግድግዳ እንዳይጋጭ ወደ ውጭ ትወጣለች" አለኝ። በሩቅ የሚታየውን ሁሉ ተራራና ሸለቆ "እዩት፣ እዩት!" ይለኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ስለሱ የምጽፈው የለኝም።

እኩለ ቀን ላይ የእሜቴ ግቢ ደረስን። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የሚወጋ ሴት ናቸው። ቸኮልኩና በአገሬ ደንብ "እንዴት ነሽ እናቴ!" አልኳቸው።

ካሳሁንን ሳል አመለጠው። እሜቴ ወደ እሱ ዞረው "ይኸ ሰው አብሮኝ ነው እንዴ ያደገ?" አሉ።

"ይቅርታ ያድርጉለት፤ ድሬዳዋ ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የሚሉት" አላቸው።

"ታዲያ እግዜርን ምን ይሉታል?"

"እሱንም አንተ" አልኩ።

"እሱንማ እኛም አንተ እንለዋለን፤ እሱ አይቀየምም። እኔ ግን እቀየማለሁ" አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምላሴን እንደ በቅሎ ልጓም ይዤ "እርስዎ" ስል ሰነበትኩ።

የተልባ ፍትፍት በላን፤ የገብስ ጠላ ጠጣን። ከዚያ ከጓዳ አንድ የቆዳ ማኅደር አስመጡ። ገና ሳይከፈት ሽታው መጣ፤ ድፍን ዓመት የከረመ የንጥር ቅቤ ሽታ። ክዳኑ ሲነሳ እሱ ነው! የእንጨት ሳጥኑ፣ ክንዱ፣ ጡሩምባው፣ ሁሉም አለ። ሁሉም ግን በቅቤ ተለውሷል። የማዞሪያው እጀታ፣ ማኖቬላው፣ የሚገባበት ቀዳዳ በቅቤ ተደፍኗል፤ የማርሹ ጥርሶች መሀል ቅቤው ጠቁሮ ደርቋል።

"በየዓመቱ በግራዝማች ተዝካር ቀን ቅቤ አጠጣዋለሁ" አሉ እሜቴ፣ ልጃቸውን እንደሚያሳዩ። "ቆዳ ያለ ቅቤ ይሰነጠቃል፤ ጠመንጃ ያለ ቅባት ይዝጋል። ይኸ ምን ይለየዋል? አንድ ዓመት አላጓደልኩበትም።"

የአርባ ዓመት ቅቤ! ማሽኑ ከእኔ በልጦ ወፍሯል። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ልጠጋ ስል እሜቴ እጄን ቸብ አደረጉት።

"ዛሬ ረቡዕ ነው!"

"ቢሆንስ?"

"ጾም ነው። እሱ ደግሞ ፍስክ ነው፤ ሆዱ ቅቤ ነው። በጾም ቀን እንዲህ ያለ ሆድ ቤቴ ውስጥ አይከፈትም።"

ካሳሁንን አየሁት። እሱም በጾም ቀን ቅቤ የጠጣ ማሽን እንደማይፈታ የታወቀ ነገር መስሎት ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሥራ ከሌለ የድካሜን ዋጋ ውል እንፈጽም ተባለ። እሜቴ "ኋላ ነገር እንዳይመጣ ዳኛ ይቀመጥ" ብለው የነፍስ አባታቸውን መሪጌታ ቀሲስ ላቀውን አስጠሩ። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል፤ ጢማቸው የነጣ፣ ሳቃቸው የቀረበ ሽማግሌ ናቸው። የኔታ መሀላችን ተቀምጠው "በል አንተ እንግዳ፣ ውልህን በራስህ አፍ ተናገር" አሉኝ።

እኔም ስግብግብነቴ እያቻኮለኝ "የግራዝማችን ይቅርታ ካሰማኋቸው ዕቃው የእኔ ነው" አልኩ።

"ካላሰማህስ?"

"እንደ መጣሁ እሄዳለሁ።"

"የደረስጌዋ ማርያም ትመስክር" አሉ እሜቴ። የኔታ "ሰማሁ" አሉ። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ አገር ቤት ሱቄ ውስጥ ለዕቃው ቦታ እያመቻቸሁ ነበር።

ሐሙስ

ከጠዋት ጀምሮ ፈታሁት። ድስት ሙሉ ውኃ አፍልቼ ጥርሶቹን ዘፈዘፍኳቸው፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅቤ የቤቱ ድመትና የጎረቤት ሁለት ውሾች ተሰልፈው ጠበቁት። የቀረውን በላምባ አጠብኩ። ሞላው ጫፉ ላይ ነው የተበጠሰው፤ ጫፉን በእሳት አግዬ አለዝቤ፣ በስቼ፣ እንደገና አያያዝኩት። የተበላውን ቺንጋ፣ የማዞሪያውን ቀበቶ፣ ለመተካት ካሳሁን ከአሮጌ ኮርቻ ላይ ስስ ጠፍር ቆርጦ ሰጠኝ። አርባ ዓመት የተኛ ማሽን ከቀትር በኋላ ማኖቬላውን ሳዞረው እንደ ጠገበ ድመት እያንኮራፋ መዞር ጀመረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅቤው ብረቱን ከዝገት አድኖታል። ይህን ለእሜቴ አልነገርኳቸውም፤ ወደፊትም ያጠጡታል ብዬ ፈርቼ ነው።

የቀረ ነገር አንድ ብቻ ነበር።

"እሜቴ፣ ሰሙ የት አለ?"

"የምን ሰም?"

"ክብ፣ ውስጡ ክፍት። ድምፁ ያለበት።"

"እሱማ ስለት አስገባሁት" አሉ። "ዕቃው አፍ ከከፈተ ለቤተ ክርስቲያን ሰም አስገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። አንድ ዓመት ሰም ጠፍቶ ጧፍ አልነበረም፤ እመቤቴ ጧፏን አጥታ እኔ ሰም ታቅፌ ልቀመጥ? አስቀድሜ ሰጠኋት።"

ካቻቢቴዬን አስቀመጥኩ። ካሳሁንም ቀና ብሎ አየኝ።

"ምነው?" አሉ እሜቴ።

"ድምፁ ሰሙ ላይ ነው ያለው" አልኳቸው።

"ሳጥኑ ውስጥ አይደለም?"

"አይደለም።"

እሜቴ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ሲያሹ ቆዩ። "እንግዲያው አቃጠልኩት" አሉ፤ "አርባ ዓመት ባዶ ሳጥን ቅቤ ሳጠጣ ኖርኩ።" ያኔ ስለ ሱቄም ስለ ዕቃውም ማሰብ አቃተኝ። አዘንኩላቸው፤ ራሴንም ጠላሁት። እራት እርጎ ቀረበልን፤ ማንም አልነካውም።

ዓርብ

ዓርብ ጠዋት የኔታ ቤት ሄድን፤ እሜቴን ለማጽናናት የሚሆን ቃል እንዲፈልጉልን ነው። የኔታ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ብራና እየጻፉ አገኘናቸው። ነገሩን ነገርናቸው። ጢማቸውን አሻሹና፣ "ያ ሰም ትዝ ይለኛል፤ ጧፍ አልሆነም" አሉ።

"አልሆነም?"

"አልለዝብ አለ። ጫፉን ባቀልጠው ጥቁር ጭስ አወጣ፤ ቅኔ ማኅሌቱን ሁሉ አስነጠሰው። የፈረንጅ ሰም መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁ። ለእሜቴ ብነግራቸው ስለቴን አልተቀበለችልኝም ብለው ያዝናሉ ብዬ ዝም አልኩ።"

"ታዲያ ጣሉት?"

"ምን እጥለዋለሁ፣ ይኸው እየሠራ ነው" ብለው በብዕራቸው አመለከቱ። አጠገባቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ክብ ነገር ቆሟል፤ ውስጡ አምስት ስድስት የመቃ ብዕር ተሰክቷል።

ብዕሮቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ጨርቁን ስፈታው ላዩ ንጹሕ ነው፤ የእጅ ሙቀት እንዳያቀልጠው ብለው ነው የጠቀለሉት። ጠርዙ ትንሽ ቀልጧል፤ አንድ ሁለት የቀለም ነጠብጣብ አለበት። ወደ ብርሃን ሳዞረው ግን እንደ ፀጉር የቀጠኑት መስመሮች ከዳር እስከ ዳር አሉ። ሰሙ ከእሜቴ ጋር ቀርቶ ቢሆን ኖሮ በአርባ ዓመት ቅቤ ተለስኖ ይቀር ነበር። መስጠታቸው ነው ያተረፈው።

የኔታ "እኔስ ብዕሬን የት ላድርግ?" አሉ። የሻይ ቴርሞሴን ክዳን ሰጠኋቸው፤ አገላብጠው አይተው ወደዱት። ድምፅ የሚያስተጋባው ስስ መስተዋትም ተሰብሮ ነበርና፣ በምትኩ ከፍየል ብራና ስስ ቁራጭ ፍቀው ሰጡኝ። ልሄድ ስል "ዛሬ ዓርብ ነው፤ ዕቃው ምንም ታጥቦ ላምባ ቢሸትም ነገ ይሁን፤ ከእሜቴ ጋር አልጣላም" አሉኝ።

ለእሜቴ ስንነግራቸው አላለቀሱም፣ አልሳቁም። "ነገ?" አሉ። "ነገ" አልናቸው። ገብተው ነጠላቸውን አጠቡ።

ቅዳሜ

እሜቴ ነጭ ለብሰው ጡሩምባው ፊት ተቀመጡ። የኔታ፣ ካሳሁንና እኔ ከኋላ ቆምን። ሞላውን ሞላሁት፤ መርፌውን አስቀመጥኩ።

መጀመሪያ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ድምፅ መጣ። ቆየ። ከዚያ አንድ ወንድ አሳለ። የእሜቴ ትከሻ ብድግ አለ።

"ጥሩወርቅ" አለ ድምፁ። ወፍራም፣ የተቸገረ ድምፅ ነው። ዝም አለ። "ጥሩወርቅ፤ እንግዲህ…" ውሻ ጮኸ። ሌላ ሰው በማይታወቅ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ። ወፍራሙ ድምፅ ተቆጣ፤ "ምን ያፈጥብኛል ይኸ! ዞር በል ብዬሃለሁ!" ዳግም ዝናብ። ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ፣ "እንግዲህ ጥሩዬ፤ የበቅሎዋ ነገር…"

ሰሙ አለቀ። መርፌው ክርር አለ።

እሜቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲንቀጠቀጡ አየሁ። አለቀሱ ብዬ ልጠጋቸው ስል፣ ሳቅ ነው! እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

"ለዕቃውም አልወጣውም!" አሉ። "ቃሉ አፉ ላይ ሞተበት! ግን ሰማችሁ? ጥሩዬ አለኝ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ነበር የሚለኝ፤ ይኸው ፈረንጅ ፊት፣ እናንተ ፊት፣ ጥሩዬ አለኝ።" ከዚያ ወደ ጡሩምባው ጎንበስ አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሩቅ ላለ ሰው እንደሚናገሩ፣ "ግራዝማች! በቅሎዋን እኔ ነኝ ያዋስኳት። ሳይነግረኝ ወሰደ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ይቅር በለኝ" አሉ።

የኔታ መብረቅ እንደ መታው ሰው ቆሙ። "እሜቴ! አርባ ዓመት ሙሉ ሲናዘዙልኝ ይችን አልነገሩኝምኮ!"

"አልጠየቁኝማ!"

"ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!" አሉ የኔታ፣ ራሳቸውን ይዘው።

"ድገመው" አሉኝ እሜቴ። ደገምኩት። ሦስተኛም አሰማኝ አሉ፤ አሰማኋቸው። ሦስተኛው ላይ "ጥሩዬ" የምትለው ትንሽ ደከም አለች። ጆሮዬ ሥራዬ ነውና ሰማሁት። ዝም ብል ኖሮ ያን ዕለት እስከ ማታ አዳምጠው ይጨርሱት ነበር፤ ባዶ ዕቃ ደግሞ ለእኔ ይቀር ነበር። ይህ ሐሳብ አልመጣብኝም ብል እዋሻለሁ።

"እሜቴ፣ ሰም ነው" አልኳቸው። "መርፌው ባለፈበት ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይፍቀዋል።"

"ስንት ጊዜ ይቀረዋል?"

"አላውቅም። ሃያ ይሆናል፤ ከዚያም ያንሳል።"

እጃቸውን ጡሩምባው ላይ አሳረፉ። "እንግዲያው ይብቃው። በዓመት አንዴ፣ በተዝካሩ ቀን። ካሳሁን መጥቶ ያዞርልኛል።"

አሁን የቀረው ውሉ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እሜቴ ቀደሙኝ፤ "የኔታ፣ ግራዝማች ይቅርታ ብሏል?"

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። "'የበቅሎዋ ነገር' ነው ያለ። ቀጥሎ 'ይቅር በዪኝ' ሊል ይሆናል። 'ዕድሜ ልኬን አይረሳኝም' ሊልም ይሆናል። ባልተነገረ ቃል አይፈረድም። አንተ እንግዳ፣ ውልህ 'ይቅርታውን ካሰማኋቸው' ነበር፤ በራስህ አፍ።"

ከድሬዳዋ ሰሜን ድረስ ሄጄ፣ በገዛ ምላሴ ተረታሁ። ከሁሉ የገረመኝ ግን አለመናደዴ ነው።

እሜቴ ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ "ልጄ፣ አትዘን። ስሞት ና ውሰደው። የኔታ ይመስክሩ" አሉ። የኔታም "ሰማሁ" አሉ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መንገድ ጀመርኩ። እሜቴ በር ድረስ ወጥተው በቅል ቅቤ አስያዙኝ፤ "አገርህ ላሉት ዕቃዎችህ" አሉ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ቅቤው ደባርቅ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር፤ ዳባት ቡልኮውን ስመልስ ለዘብ አለ፤ አዋሽ ላይ በባቡሩ መስኮት ፀሐይ ሲገባበት ቀለጠና ሸሚዜን፣ ወንበሩንና አጠገቤ የተቀመጡትን የጉምሩክ ሠራተኛ አዳረሰ። ድሬዳዋ ስደርስ ሚስቴ አሽትታኝ፣ "ፎኖግራፉስ?" አለች። ነገሩን ስጨርስላት እንደ እሜቴ ነው የሳቀችው።

ከዚያ ወዲህ በየጸሎቴ የእሜቴን ዕድሜ እንዲያረዝምላቸው እለምናለሁ፤ ከልቤ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ አሳቤ ወደ ሱቄ መደርደሪያ ይሸሻል። ካሳሁን በየጊዜው ይጽፍልኛል። ያለፈው ሳምንት ደብዳቤው እንዲህ ይላል፤ "እሜቴ ደህና ናቸው። በተዝካሩ ቀን አንዴ አሰማኋቸው፤ 'ጥሩዬ' የምትለው አሁንም ትሰማለች። በማግሥቱ ደባርቅ ገበያ በእግራቸው ወርደው በእግራቸው ተመለሱ።"

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ደስ ያለኝ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከከተትኩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው።